ችሎታ የሰው ልጅ ክብር መለኪያ ነውን?

«ሰውን የሚያስከብረው ሥራው ነው» የሚለው አባባል በትምህርት ቤት፣ በስብሰባ አዳራሽና በመድረክ ላይ ዘወትር የሚደመጥ ነው። አባባሉ በአንድ በኩል ሲታይ እውነትነት አለው። በዘርና በትውልድ የሚወረስን ክብር ስለሚቃወም፣ የተናቀውንም ሰው «ችሎታህን አሳይ፤ ያን ጊዜ የሚንቅህ ሁሉ ያከብርሃል» እያለ ስለሚያበረታታ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተራማጅ አስተሳሰብ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ከአባባሉ በስተጀርባ አንድ ያልተመረመረ ጥያቄ አለ። ችሎታውን ለማሳየት ዕድል ያላገኘው፣ ወይም ከሌላው የተለየ ችሎታ የሌለው የተናቀ ሰውስ ምን ይሁን? ክብር በችሎታ የሚገዛ ከሆነ፣ መግዣው ያጠረው ሰው መናቁ ተገቢ ነው ማለት ነውን?

ይህን ጥያቄ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ከመመርመር፣ በታሪክ በተፈጸመ አንድ ድርጊት ላይ ተመሥርቶ ማየቱ ይበጃል። ድርጊቱ መላውን ሕንድ እወክላለሁ ብሎ በ1911 ወደ እንግሊዝ አገር የተጓዘው የክሪኬት ቡድን ታሪክ ነው። ስለ አገራችን ከተነገረው በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪኬት በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ ጨዋታ ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ያሻዋል። እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። ወርዋሪው በቆዳ የተለበጠች ጠንካራ ኳስ መሬት ላይ እያነጠረ፣ በተርታ ወደተተከሉ ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ይወረውራል። መቺው በጠፍጣፋ ዱላ እንጨቶቹን ይከላከላል፤ ኳሷን አርቆ ከመታም ከወዲያ ወዲህ እየሮጠ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሷ እንጨቶቹን ከመታች፣ ወይም ከዱላው ተነሥታ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ከጨዋታ ይወጣል። ግጥሚያው ለበርካታ ቀናት ሊዘልቅ ስለሚችል በመካከሉ ለምሳና ለሻይ ዕረፍት ይደረጋል። አንባቢ ይህን የሻይ ዕረፍት ልብ እንዲለው ያስፈልጋል፤ የጥያቄያችን ቋጠሮ ያለው እዚያ ነውና።

ክሪኬትን ወደ ሕንድ ያስገቡት እንግሊዛውያን ቅኝ ገዥዎች ናቸው። ከአገሬው ሕዝብ ቀድመው የለመዱት የቦምቤይ ፓርሲዎች ሲሆኑ፣ እነሱም በ1886 እና በ1888 ወደ እንግሊዝ ተጉዘው ተጫውተዋል። ነገር ግን ያ የአንድ ማኅበረሰብ ቡድን እንጂ የሕንድ ቡድን አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሁሉንም ወገን ቡድን ለማቋቋም የተደረገው ሙከራ፣ ሂንዱዎች፣ ፓርሲዎችና ሙስሊሞች በተጫዋቾች ድልድል ሊስማሙ ባለመቻላቸው ከሸፈ።

በዚያው ዘመን ሕንድ በፖለቲካ ትኩሳት ውስጥ ነበረች። በ1905 ቅኝ ገዥው መንግሥት ቤንጋልን ለሁለት መክፈሉ ብርቱ ተቃውሞ ቀሰቀሰ። በ1909 ማዳን ላል ዲንግራ የተባለ ሕንዳዊ ተማሪ ከርዘን ዋይሊ የተባለውን እንግሊዛዊ ባለሥልጣን በሎንዶን ከተማ በጥይት ገደለ፤ እሱም በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጣ። ከዚህ በኋላ መሳፍንቱ፣ ታላላቅ ነጋዴዎችና ቅኝ ገዥዎቹ በአንድ ነገር ተስማሙ። ይኸውም፣ ለእንግሊዝ ሕዝብ ሰላማዊና ታማኝ የሆነች ሕንድን ማሳየት ይገባል የሚል ነበር። የክሪኬት ቡድን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ «ሕንድ» የሚለውን ስም ይዞ በባሕር የተጓዘው ቡድን፣ የራሱ መንግሥት የሌለውን ሕዝብ፣ በገዥዎቹ ፊት፣ በገዥዎቹ ጨዋታ እንዲወክል የተላከ ነበር።

የቡድኑ አደረጃጀት የኅብረተሰቡን አደረጃጀት ያንጸባርቅ ነበር። ተጫዋቾቹ የተመረጡት ከፓርሲ፣ ከሂንዱና ከሙስሊም ወገን በድልድል ነው። ካፒቴኑ የ19 ዓመቱ የፓቲያላ ማሃራጃ፣ ሲኩ ቡፒንደር ሲንግ ሆነ። ከሂንዱዎቹ መካከል ደግሞ ከቻማር ወገን የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ፓልዋንካር ባሉና ሺቭራም። ቻማሮች ቆዳ በማልፋትና በመስፋት ሥራ የሚታወቁ፣ በሂንዱ ሥርዓት «የማይነኩ» ተብለው ከማኅበራዊ ኑሮ የተገለሉ ሰዎች ናቸው።

ባሉ የተወለደው በ1876 ነው። በወጣትነቱ በፑና ከተማ በአንድ የፓርሲዎች የክሪኬት ክበብ ሜዳ ጠራጊ ሆኖ በወር 3 ሩፒ ይከፈለው ነበር። ቀጥሎ ወደ እንግሊዛውያኑ ክበብ ተዛውሮ በወር 4 ሩፒ ያገኝ ጀመር። በዚያም ሜዳውን ከማስተካከሉ ሌላ፣ እንግሊዛውያኑ የመምታት ልምምድ ሲያደርጉ ኳስ ይወረውርላቸው ነበር። በግራ እጁ ዝግ ብሎ የሚወረውራት ኳስ መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትታጠፍ ለመገመት አስቸጋሪ ነበረች። እሱ ራሱ ግን ዱላ ይዞ የመምታት ዕድል አልተሰጠውም። መወርወር የአገልጋይ፣ መምታት የጌታ ነበር።

የፑና ሂንዱዎች ክበብ እንግሊዛውያኑን ለማሸነፍ ሲነሣ ባሉን ለማሰለፍ ተገደደ። የክሪኬትን ማኅበራዊ ታሪክ ያጠናው ራማቻንድራ ጉሃ እንደሚተርከው፣ ብራህማን ተጫዋቾች በሜዳ ላይ ባሉ የያዛትን ኳስ ይይዙ ነበር። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ግን እነሱ ውስጥ ገብተው በሸክላ ድንጋይ ሲኒ ሲጠጡ፣ ለባሉ ከደጅ፣ ተጠጥቶበት በሚጣል የጭቃ ኩባያ ይቀርብለት ነበር። ምሳውንም የሚበላው ለብቻው፣ በተለየ ሳህን ነበር።

በኳሷና በሲኒው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱንም የነካው ያው አንድ እጅ ነው። እንዲያውም ርኩስ የተባለው ሥራ የቆዳ ሥራ ከሆነ፣ ኳሷ ራሷ በቆዳ የተለበጠች ነበረች። ልዩነቱ ያለው በዕቃዎቹ ሳይሆን በሚያስገኙት ጥቅም ላይ ነው። ኳሷ ለማሸነፍ ታስፈልጋለች፤ ሲኒው ግን አብሮ ለመኖር እንጂ ለሌላ አይጠቅምም። ጥቅም ባለበት ቦታ «ርኩሰቱ» ተረሳ፤ ጥቅም በሌለበት ቦታ ታወሰ። ከዚህ የምንረዳው፣ መገለልን የሃይማኖት ግዴታ ነው ብለው የሚጠብቁት ሰዎች ሲያስፈልጋቸው ሊተዉት የሚችሉት የሥልጣን መሣሪያ እንደነበረ ነው።

በ1911 በጋ በእንግሊዝ አገር የሆነውም ይህንኑ ያጎላል። ቡድኑ ከተጫወታቸው 23 ግጥሚያዎች 6ቱን አሸነፈ፣ በ15ቱ ተሸነፈ፣ 2ቱ ያለ ውጤት አለቁ። ጊዜው ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ የጫነበት ስለነበር፣ ካፒቴኑ ማሃራጃ አብዛኛውን ወቅት በግብዣና በቤተ መንግሥት ሥነ ሥርዓት አሳለፈ፤ በጥቂት ግጥሚያዎች ብቻ ተሰለፈ። ባሉ በአንጻሩ ዕድሜው 35 ሆኖ፣ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ 114 መቺዎችን ከጨዋታ አስወጣ። ቡድኑ ሶመርሴትን በመጨረሻዋ ሰዓት ሲያሸንፍም ወንድሙ ሺቭራም ከ100 በላይ ነጥብ አስቆጥሮ ሳይሸነፍ ወጣ። እንግዲህ ሕንድን የወከለው ማን ነበር? ማሃራጃው በትውልዱ ወከላት፤ ባሉ ደግሞ በላቡ። የውክልናው ማዕረግ የተሰጠው ለመጀመሪያው ሲሆን፣ ሥራው የወደቀው በሁለተኛው ላይ ነው።

ባሉ ወደ ቦምቤይ ሲመለስ የተጨቆኑት ወገኖቹ በደስታ ተቀበሉት። በዚያ አቀባበል ላይ የምስጋና ንግግር ካዘጋጁት መካከል፣ እሱም «የማይነኩ» ከተባሉት የተወለደው ወጣት ቢምራኦ አምቤድካር እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። የቦምቤይ ሂንዱ ክበብም ከወንድማማቾቹ ጋር በአንድ ማዕድ እስከ መቅረብ ደርሶ ነበር። ካፒቴንነቱ ግን ለባሉ አልተሰጠውም። በ1920 ለታናሽ ወንድሙ ለቪታልም ሳይሰጥ ቀርቶ ለአንድ ብራህማን በመሰጠቱ ሺቭራምና ቪታል ተቃውሟቸውን በይፋ ገልጸው ከቡድኑ ወጡ። ቪታል የሂንዱዎቹ ቡድን ካፒቴን የሆነው በ1923 ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ችሎታ በስተመጨረሻ በሩን ከፈተ ማለት አይደለምን?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ክርክሩ ሊናቅ አይገባውም። ከደጅ በጭቃ ኩባያ ይጠጣ የነበረው ሰው ወደ ውስጥ የገባው በወረወራት ኳስ ኃይል ነው። ይህን ድል ትንሽ ማለት የባሉን ድካም ማቃለል ይሆናል። ነገር ግን በሩ የተከፈተው ለማን ነው? ለባሉና ለወንድሞቹ እንጂ፣ በፑና መንገዶች ላይ ቆዳ እያለፋ ለሚኖረው፣ ኳስ መወርወር ለማይችለው ቻማር አይደለም። ለሱ ሲኒው ያው ጭቃ ነበር። እንዲያውም የአንድ ሰው መፈቀድ የብዙዎችን መከልከል ትክክል ሊያስመስለው ይችላል። «ባሉን አላስገባነውም? እንደሱ ከሆናችሁ እናንተም ትገባላችሁ» ማለት ይቻላልና።

ስለዚህ በቋንቋችን ብዙ ጊዜ የምንደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ግድ ይሆናል፤ አድናቆትና ክብር። አድናቆት የሚለካ ነው። ሥራው ሲያምር ይጨምራል፤ ሲበላሽ ይቀንሳል፤ ክንድ ሲዝል ያልቃል። ይህ ተገቢ ነው፤ ሁሉ እኩል ይደነቅ የሚል የለም። ክብር ግን፣ ማለትም ሰው ከሰው ጋር በአንድ ሲኒ የመጠጣት መብቱ፣ አይለካም። ከሥራ በፊት የሚገኝ እንጂ በሥራ የሚከፈል ደመወዝ አይደለም። ለባሉ የተሰጠው የመጀመሪያው ነበር፤ ስሙ ግን ክብር ተባለ።

ይህ ልዩነት ኋላ ባሉንና አምቤድካርን ራሳቸውን አለያይቷል። አምቤድካር የተገለሉት ወገኖች በፖለቲካ የራሳቸው መራጭና ተመራጭ ይኑራቸው የሚለውን አቋም ሲያራምድ፣ ባሉ በ1932 ተቃወመው። በ1937 ለቦምቤይ ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ ሁለቱ ተወዳደሩ፤ አምቤድካር አሸነፈ። አንዱ በሥራው የሌላውን ልብ ማሸነፍ እንደሚቻል በሕይወቱ ያየ ሰው ነበር። ሌላው መብት የሰው ልብ እስኪራራ መጠበቅ እንደሌለበት ያመነ። ባሉን ከሐዲ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ካለፈበት መንገድ ሌላ መንገድ አለመታመኑ ይገባናል። ያም ሆኖ በ1950 በሥራ ላይ የዋለው፣ አምቤድካር የአርቃቂ ኮሚቴው ሊቀመንበር የነበረበት የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 «የማይነካ» የሚባል ሰው እንዳይኖር ሲደነግግ፣ ችሎታን እንደ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛም አገር ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። በከፋ የማንጆ ተወላጆች ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ለረጅም ዘመን ተከልክለዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ አዋጁ ስድቡን ከገበያ እንኳ ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም። ለኪነ ጥበብ ሰዎች ደግሞ የቅርቡ ምሳሌ አዝማሪው ነው። በሠርግ አዳራሽ ግንባሩ ላይ ገንዘብ የሚለጥፍለት ሰው ልጁን ሊድርለት አይፈቅድም ነበር። በዘመናዊው ቴያትር የመጀመሪያ ዓመታት መድረክ ላይ የወጡትም ይህንኑ ጭብጨባና ይህንኑ ንቀት በአንድ ምሽት ቀምሰዋል። ጭብጨባው ለድምፁ ነበር፤ ሰውየው ከደጅ ቀርቷል።

እንግዲህ የተናቀን ልጅ «ተማርና ትከበራለህ» የሚል መምህር ግማሽ እውነት ያስተምራል። ልጁ ቢማር ይጠቀማል፤ ይህ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከጎኑ የተቀመጠውን፣ የሚንቀውን ልጅ «እሱ ባይማርም ታከብረዋለህ» ሳይል ከቀረ፣ ሸክሙን ሁሉ በተበደለው ጫንቃ ላይ ጭኖታል። ጸሐፊውና ተዋናዩም እንዲሁ ነው። ከጭቁኑ ወገን የወጣን አንድ ጀግና እያነሣሣን ስንዘምር፣ ጀግና ያልሆኑትን ዘመዶቹን ረስተናቸው እንደሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

የባሉ 114 ድሎች በመዝገብ ላይ ሰፍረው ይገኛሉ፤ ሊደነቅባቸውም ይገባል። ከደጅ የጠጣበት ኩባያ ግን ያን ሁሉ ባያሸንፍ ኖሮ እንኳ ሊቀርብለት የማይገባ ነበር። ሥራ ሰውን ያስደንቃል፤ የሚያስከብረው ግን ሰው መሆኑ ነው።