ድንጋዩን ማን ተሸከመው?

አንድ ወዳጄ በቀደም ቡና እየጠጣን ስልኩን አስጠግቶ ሁለት ፎቶ አሳየኝ፤ አንዱ የግብጽ ፒራሚድ፣ አንዱ የሜክሲኮ። «እስቲ ንገረኝ» አለ፤ «መሀላቸው ውቅያኖስ አለ። አንድ የጠፋ ሕዝብ ካላስተማራቸው እንዴት ይመሳሰላሉ?» እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ምስጢር ማን ይጠላል?

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ኢግናሺየስ ዶኔሊ እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱንም ሰጠመች ከምትባለው አትላንቲስ ጋር አያይዟቸዋል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ላሊበላን የፈለፈሉት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው ሲባል ደሜ ይፈላል። ታዲያ በአባቶቼ ላይ እንዲባል የማልፈቅደውን በሌላው አባቶች ላይ ሲባል እንዴት ዝም አልሁ?

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ሳቃራ ያለው የጆሴር ፒራሚድ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2650 ገደማ ነው። በሜክሲኮ፣ ቴኦቲዋካን ያለው የፀሐይ ፒራሚድ ደግሞ ከልደት በኋላ በ200 ገደማ። መሀላቸው ከ2,800 ዓመት በላይ አለ። የግብጹ የንጉሥ መቃብር ነው፤ የሜክሲኮው ደረጃ ተወጥቶ አናቱ ላይ አምልኮ የሚፈጸምበት። የሚያመሳስላቸው ከታች ሰፍተው ወደ ላይ መጥበባቸው ነው። ለዚህ ደግሞ አስተማሪ አያስፈልግም፤ አውድማ ላይ የፈሰሰ እህልም የሚቆለለው እንደዚያው ነው። ያለ ብረትና ያለ ሲሚንቶ ተራራ የሚያህል ነገር ልሥራ ያለ ሁሉ እዚያው ቅርጽ ላይ ይደርሳል።

ግብጾቹም ቢሆኑ የተማሩት እየተሳሳቱ ነው። ዳህሹር ያለው ጎባጣ ፒራሚድ በ54 ዲግሪ ገደማ ተጀምሮ፣ አላስተማምን ሲል መሀል ላይ ወደ 43 ዝቅ ተደርጓል። ሁሉን የሚያውቅ መምህር ቢኖራቸው ይህ ጉብጠት ባልኖረ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አል ጃርፍ ላይ፣ መረር የሚባል አለቃ የመዘገበው የሥራ ማስታወሻ በፓፒረስ ተጽፎ ተገኘ። ሰዎቹን ይዞ ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወደ ጊዛ ሲያመላልስ ውሎውን በየቀኑ ጽፏል። ሥራው ለኩፉ ፒራሚድ ነበር።

ይህን ማለቴ ፈርዖንን ላሞግስ አይደለም። ለአንድ ሰው መቃብር ስንት ትከሻ ጎበጠ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ግን መጀመሪያ ትከሻ እንደነበረ ስናምን ነው። ሥራውን ለማይታወቅ ኃይል ስንሰጥ የሠሪውን ጥበብ ብቻ ሳይሆን ድካሙንም፣ በደሉንም አብረን እንሰርዛለን።

ለወዳጄ የመረርን ታሪክ ነገርሁት። «ኧረ ምስጢሩን አበላሸህብኝ!» አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ግን «ለመሆኑ ምን ይከፈላቸው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ከዚያኛው ምስጢር ይልቅ ይህን ጥያቄ ወደድሁት።