ስለ ትዝታና ስለ እውነተኛ ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው ታላላቅ ሀብታት አንዱ የማስታወስ ኃይል ነው። በእርሱ ያለፈውን እንይዛለን፤ ያየነውን ለልጆቻችን እንነግራለን፤ የሞቱብንን እናስባለን። ነገር ግን ይህ ሀብት፥ እንደ ሌላው ሀብት ሁሉ፥ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂ ያጣ ትዝታ ባለቤቱንም ባልንጀራውንም ያስታልና።

ሕዝብን ሁሉ የሚያስደነግጥ ነገር በተሰማ ጊዜ በሰው ልብ የሚሆነውን እናስተውል። ወሬው ብቻ ሳይሆን የሰማንበት ስፍራ፥ አጠገባችን የነበረው ሰው፥ በእጃችን የያዝነው ዕቃ ሳይቀር እንደ ማኅተም ይቀረጻል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሽስት ሠራዊት የአዲስ አበባን ሕዝብ መፍጀት በጀመረ ጊዜ ሕፃናት የነበሩ ሰዎች፥ ከሸመገሉ በኋላም ያን ቀን የት እንደ ተደበቁ ይናገሩ ነበር። በሱሉልታ የሚያልፈው የጎጃም መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ያደርሳል፤ በዚያም መነኮሳቱ በግንቦት ወር በዚያው ዓመት በጥይት ማለቃቸው ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል።

በእኛም ዘመን እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፥ በዳግም ትንሣኤ እሑድ፥ በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው የተገደሉት ወንድሞቻችን መርዶ ተሰማ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ ብዙ ነፍስ ጠፋ፤ በዚያው ሰሞንም በሰበታ አካባቢ ፋብሪካ ሲቃጠል ታየ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከ157 ሰዎች ጋር ወደቀ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በሌሊት ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ ኢንተርኔት ስለ ተቋረጠ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ፥ ከእንጦጦ ማዶ ያለችው ሱሉልታ፥ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት፥ ብዙ ነዋሪዎቻቸው ቀን በአዲስ አበባ ሠርተው ማታ የሚመለሱ ናቸውና፥ እንዲህ ያለውን ወሬ አንዱ በታክሲ፥ አንዱ በሥራ ቦታ፥ አንዱ በደጁ ሰምቶታል። «ያን ጊዜ የት ነበርክ?» ቢባል መልስ የሚያጣ የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እንዲህ በልብ የተቀረጸ ትዝታ ሁልጊዜ እውነት ነውን?

ይህን ነገር ሊቃውንት መርምረውታል። በ1899 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ መምህር ፕሬዚዳንት ሊንከን በተገደለ ጊዜ የት እንደ ነበሩ 179 ሰዎችን ጠየቀ፤ ከ30 ዓመት በላይ አልፎ ሳለ 127ቱ ስፍራውን ዘርዝረው ነገሩት። እርሱ ግን የተነገረው እውነት መሆኑን የሚያመሳክርበት አልነበረውም። በ1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ከሰባት ሰዎች ጋር በፈነዳች ማግሥት፥ ናይሰር የተባለ ሊቅ ተማሪዎች ወሬውን የት እንደ ሰሙ በእጃቸው እንዲጽፉ አደረገ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱን ዳግመኛ ጠየቃቸው። 11ዱ በዋና ዋናው ነገር ሁሉ ቀድሞ ከጻፉት ፈጽመው የተለየ ተናገሩ፤ ፈጽሞ የተስማማ ቃል የሰጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹም እርግጠኞች ነን ይሉ ነበር። የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ሲቀርብላቸው እንኳ የፊተኛው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

ከዚህ የምንማረው፥ ትዝታ በሣጥን እንደ ተቈለፈ ወረቀት አለመሆኑን ነው። ባወራነው ቍጥር እንደ አዲስ ይሠራል። ከጎረቤት የሰማነው፥ በቴሌቪዥን ያየነው፥ በኋላ ያወቅነው ሁሉ ሳናውቀው ይገባበታል። የልብ ድንጋጤ ትዝታውን ያደምቀዋል፤ ማድመቅና ማጽናት ግን አንድ አይደሉም። ደግሞም የምንሳሳተው ነገሩ በመሆኑ ላይ አይደለም። የሞቱት በእውነት ሞተዋል፤ ደማቸውም በእውነት ፈሷል። የሚለዋወጠው ማን አጠገባችን እንደ ነበረ፥ ማን ምን እንደ ተናገረ፥ ያየነው የቱ፥ የሰማነው የቱ እንደ ሆነ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይምሰለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፥ አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፥ በቡራዩና በአካባቢዋ ሰዎች በወገናቸው እየተለዩ ተገደሉ፤ ቤታቸው ተዘረፈ፤ ብዙዎችም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ነበሩ። እንዲህ ካለ መከራ በኋላ «እገሌን በዚያ ቀን ከገዳዮች ጋር አይቼዋለሁ» የሚል አንድ ቃል የሰውን ሕይወት ያተርፋል ወይም ያጠፋል። ያ ቃል በዓይን የታየ ነውን? ወይስ ከሌላ ተሰምቶ፥ በኀዘን ተደጋግሞ፥ እንደ ታየ የተቈጠረ ነው? በሐሰት መመስከርን የከለከለው ትእዛዝ ዐውቆ ለሚዋሽ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሳይመረምር ለሚያጸናም ነው።

ስለዚህ ሕገ ኦሪት በአንድ ምስክር ቃል ሰው እንዳይፈረድበት፥ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና አዘዘ። ነቢዩ ዳንኤልም ሶስናን የከሰሷትን ሁለት ሽማግሌዎች ለያይቶ፥ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ስለ ጠራ ንጽሕት ነፍስ ከሞት ዳነች። እነዚያ በክፋት ዋሹ፤ እኛ ግን ያለ ክፋትም ዛፉን ልንለውጥ እንችላለን።

ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያን የምትጠብቅበትን ሥርዓት እንመልከት። የሰማዕታትን ዜና በሰዎች ልብ ብቻ አልተወችውም፤ ቀኑንና ስሙን በስንክሳር ጽፋ፥ በየዕለቱ ታነባለች። ቅዱስ ቶማስም ጌታን ያዩት ሁሉ ሲነግሩት የችንካሩን ምልክት ካላየሁ አላምንም አለ፤ ጌታም ምልክቱን አሳየው እንጂ አልጣለውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ጽኑ ነገር ባየን ጊዜ ሳይቀዘቅዝ እንጻፈው፤ ቀኑንና ሰዓቱን እናኑር። ሁለተኛ፥ ስንናገር ያየነውን «አየሁ»፥ የሰማነውን «ሰማሁ» ብለን እንለይ፤ በዕድርም፥ በጽዋ ማኅበርም፥ በፍርድ ቤትም ይህ ልማዳችን ይሁን። ሦስተኛ፥ በእውነት ያየ ሰው ፈርቶ ዝም አይበል፤ አይቶ የማይናገር በደሉን እንደሚሸከም በኦሪት ዘሌዋውያን ተጽፏልና። አራተኛ፥ ትዝታችን ለበቀል እንዳይውል እንጠበቅ። የቡራዩ መርዶ አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ፤ የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። እነዚያ አባቶች መርዶውን አልረሱም፤ የራሳቸው ልጆች መርዶ ነበረና። ነገር ግን ያላጠፋ ሰው በሌላው ደም እንዳይጠየቅ ከለከሉ።

ጌታችን በምድር ሳለ ጲላጦስ ስለ ገደላቸው የገሊላ ሰዎች ወሬ በነገሩት ጊዜ፥ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎችም አንሥቶ፥ የሞቱት ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ነገራቸው፤ ሰሚዎቹንም ወደ ንስሐ ጠራቸው። ስለዚህ የሚያስደነግጥ ወሬ በሰማን ጊዜ የሞቱትን በጸሎት እናስብ፤ የቀሩትን እናጽናና፤ የራሳችንንም ልብ እንመርምር።

ምእመናን ሆይ፤ የማይሳሳት ትዝታ ያለው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ቃየንን ስለ ወንድሙ የጠየቀው አምላክ፥ በመጨረሻው ቀን እኛንም ይጠይቀናል። በዚያም ቀን የምንጠየቀው ወሬውን በሰማን ጊዜ የት ቆመን እንደ ነበር አይደለም፤ ለተራበው፥ ለተሰደደውና ለታረዘው ወንድማችን ምን እንዳደረግንለት ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ ምግባርና ከሐሰት የነጻ አንደበት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።