ክፉ ወሬ እስኪነጋ ይቈያልን?

ጎብዬ ከቆቦ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ቆላ አገር ናት። በሜዳችን የሚጥለው ዝናም ጥቂት ስለ ሆነ፣ ገበሬው ተስፋ የሚያደርገው በምዕራብ ካለው ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ነው። ከሰዓት በኋላ በጊዳን ተራሮች ላይ የጣለው ዝናም ወደ እኛ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ መጥለፍ የሌሊት ሥራ ነው፤ ሰው አካፋውንና ባትሪውን ይዞ ከቦዩ አፍ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከራሱ በላይ ሰማዩ በከዋክብት ተመልቶ ሳለ፣ ካላየው ደመና የመጣ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ድንገት ይደርስበታል። ውሃው ከተጠለፈ እህል ነው፤ ካመለጠ አፈሩን ጠርጎ፣ አንዳንድ ጊዜም ሰው ይዞ ይሄዳል።

እኔም ከአስተማሪነት ጡረታ ወጥቼ ከአባቴ የቀረችኝን አንድ ጥማድ መሬት ስለያዝሁ፣ እንደ ጎረቤቶቼ ተራ አለኝ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ተራው የእኔና የአንድ ጎረቤቴ ነበር። ወደ ቦዩ ከመውረዴ በፊት ሬዲዮ ብከፍት፣ በየመን አገር በአብያን ጠረፍ ጀልባ መስጠሟን ሰማሁ። ከ150 በላይ ሰዎች ጭና ነበር፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የሞቱትም ብዙ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ወደ ሳዑዲ አረቢያ ለመሻገር በጅቡቲ በኩል ከወጣ ሁለት ወሩ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

እኔ ዝም አልሁ። ምክንያት አልጠፋኝም። በአገራችን ልማድ መርዶ በሌሊት፣ በሜዳ፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው ባለበት ይነገረዋል እንጂ። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ እውነትን ማዘግየት የውሸት ታናሽ ወንድም ነው እያሉ ያስተምሩን ነበር፤ ቢሆንም የመርዶን ልማድ እስከ ዛሬ ከዚያ ትምህርት አላሳንሰውም። ደግሞም ሰው መሞቱ እንጂ ማን እንደ ሞተ አልታወቀም ነበር። በእጄ የነበረው መርዶ ሳይሆን ፍርሃት ነው። ፍርሃት እንደ እንጀራ አይደለም፤ ቢካፈሉት አያንስም።

ይህ ሁሉ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ጎረቤቴ ጨዋታ ጀመረ። ልጁ ገንዘብ ሲልክለት የቤቱን ክዳን ሊለውጥ፣ ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ በጣቱ እየቈጠረ ነገረኝ፤ እኔም «አሜን፣ ያድርግልህ» አልሁት። ያን ጊዜ ምክንያቶቼ ሁሉ ቀለሉብኝ። ዝም ማለት ሌላ ነው፤ አሜን ማለት ሌላ ነው።

ወሬ ማጣት ምን እንደ ሆነም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦ ከደረሰ በኋላ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ስልኩም መብራቱም ተቋርጦብን ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ አባቴ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ያን ሁሉ ወር ከረመች። እኛም በዚያ ወራት ክፉም ቢሆን ቍርጡን የሚነግረን ሰው ብናገኝ እግሩን በሳምነው ነበር።

ከምክንያቶቼም በታች አንድ ያልቈጠርሁት ነበር፤ ጎርፉን ለብቻዬ መመለስ አልችልም። ብነግረው ጥሎኝ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ የእኔም ማሽላ ሳይጠጣ ያድራል። ስለ እርሱ አዝኜ ዝም ማለቴ እውነት ነው። ስለ ማሽላዬ ዝም ማለቴም እውነት ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ብዙ ጊዜ መዝኜ፣ ሚዛኑ እስከ ዛሬ አልቆመልኝም።

ጎርፉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጣ። እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን ጠለፍነው፤ የሁለታችንም እርሻ ጠጣ። ሲነጋ ነገርሁት። አላለቀሰም፤ «መቼ ሰሙ?» ብቻ አለኝ። «ማታ ሁለት ሰዓት» አልሁት። እግሩን ታጥቦ፣ ውሃ ወደ ሞላው እርሻው ሳይመለከት ወደ ቤቱ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ልጁ ከኦቦክ ደወለ፤ ገና አልተሳፈረም ነበር። በሰፈሩ እልልታ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ፤ ነገር ግን በዚያች ጀልባ የነበሩት የሌላ ሰው ልጆች እንደ ነበሩ ሳስብ፣ ድምፄን ከፍ ማድረግ ከበደኝ።

ጎረቤቴ አልተቀየመኝም፤ ሰላምታውም እንደ ቀድሞው ነው። ብቻ ከዚያ ወዲህ የተራችን ሌሊት በደረሰ ቍጥር፣ አካፋውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ «መምህር፣ የሰሙት ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቀኛል።