ማየትና ልብ ማለት

የነርቭ ሴል በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አልፏል። ታሪኩ ከሳይንስ አልፎ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ የሚያነሣው በዚህ ምክንያት ነው፦ ያዩትን ነገር ዐወቁት ማለት ይቻላልን? አማርኛ ሁለቱን ይለያቸዋል። ማየት የዓይን ሥራ ነው፤ ልብ ማለት ግን ሌላ ነው።

ጥንታውያን ነርቭን ያወቁት በስለት ነበር። አርስቶትል የማስተዋልን መቀመጫ ልብ ላይ አደረገ፤ ሐኪሙ ጋሌን ግን በ2ኛው ምዕተ ዓመት የእንስሳትን ነርቭ እየቆረጠ የሚሆነውን አይቶ ሥልጣኑን ለአንጎል ሰጠ፤ በነርቮች ውስጥም ረቂቅ መንፈስ ይመላለሳል ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ እስከ 17ኛው ምዕተ ዓመት ዘለቀ። ፈላስፋው ዴካርት እንኳ ነፍስና ሥጋ በአንዲት ትንሽ የአንጎል ዕጢ ይገናኛሉ ሲል ነርቭን እንደ ቀጭን ቧንቧ እያሰበ ነበር። ሆላንዳዊው ሊዊንሁክ እ.ኤ.አ. በ1674 የላም የዓይን ነርቭ ሲመረምር የቧንቧውን ቀዳዳ ፈልጎ አጣው።

እ.ኤ.አ. በ1837 ቼካዊው ፑርኪንየ በትንሹ አንጎል ውስጥ ትልልቅ ሴሎችን አሳየ። ሴሎቹ ታዩ እንጂ ከእነሱ የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው መነሻቸውና መድረሻቸው አልለይ አለ። ስለዚህ ሌላው የሰውነት ክፍል ሁሉ ከተለያዩ ሴሎች የተሠራ መሆኑ ከታመነ በኋላም፣ ብዙዎች አንጎልን ወጥ መረብ ነው ይሉት ነበር።

ለዚህ ችግር መላ ያገኘው ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873፣ አቢያቴግራሶ በተባለች ከተማ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ሆስፒታል እየሠራ፣ በፖታሲየም ዳይክሮሜት የደረቀ የአንጎል ቁራጭ በሲልቨር ናይትሬት ነከረ። ከብዙ ሴሎች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ እስከ ቅርንጫፋቸው ጫፍ ጠቆሩ። የዘዴው ታላቅነት በዚህ ጉድለት ላይ ነበር፤ ሁሉም ቢጠቁሩ ኖሮ ከጨለማ በቀር የሚታይ ነገር ባልኖረ።

ጎልጂ ግን በሥዕሉ ውስጥ መረብ አየ። አንጎል የሚሠራው እንደ አንድ አካል ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ የተነጣጠሉ ሴሎች ያንን አንድነት እንዴት ይሰጣሉ የሚለው አልዋጥለት አለ። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በዚያው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1888 ባርሴሎና ውስጥ ሠራ። የመረጠው ግን የወፍ ጫጩቶችንና ገና ያልተፈለፈሉ ሽሎችን አንጎል ነው፤ በእነዚህ ክሮቹ አጭር፣ የሚሸፍናቸው ስብም ገና ያልደረሰ ነውና። የክሮቹ ጫፍ ነጻ ሆኖ፣ ጎረቤቱን ሴል ሳይዋሐደው ሲያበቃ አየ። በእርግጥ የላቀው እዚህ ላይ ነው፤ የተሻለ መነጽር ሳይይዝ የተሻለ ጥያቄ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመናዊው ዋልዳየር ይህን ነጠላ ሴል ኒውሮን አለው።

እ.ኤ.አ. በ1906 ሁለቱ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ፤ ጎልጂም በስቶክሆልም ንግግሩ የኒውሮንን ትምህርት ተቃወመ። ግትር ነበር ብሎ ማለፍ ግን ፍርድ ማዛባት ይሆናል። በሴሎቹ መካከል ያለው ክፍተት 20 ናኖሜትር ያህል ነው፤ በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር ብዙም ያነሰ ነገር አይለይም። ክፍተቱን ካሃልም አላየውም፤ ካየው ተነሥቶ ደመደመ እንጂ። በዓይን የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ኤሌክትሪክ ከሴል ወደ ሴል በቀጥታ የሚያልፍባቸው መገናኛዎች እንዳሉም ታወቀ። ስለዚህ ሴሎቹ የተለያዩ ቢሆኑም፣ ጎልጂ ስለ ቀጥታ ግንኙነት ያሰበው ሁሉ ከንቱ አልነበረም።

የጎልጂ ጥያቄም ከመልሱ ዕድሜው ረዘመ። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ ኒውሮኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሴል ነው፤ «እኔ» የሚለው ግን አንድ ነው። እንግሊዛዊው ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1897 የሴሎቹን መገናኛ ሲናፕስ ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ ከግሪክኛ መያያዝ ከሚል የመጣ ነው። ዕድሜውን በነርቭ ጥናት ያሳለፈው ይህ ሰው፣ በስተርጅናው እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው የሰውን ተፈጥሮ የሚመረምር መጽሐፍ፣ ከነርቭ ሥራ ወደ ሐሳብ የሚያሻግር መንገድ እንዳላገኘ ገለጠ።