በምን እንለውጠው?

ገበያ የወጣች ሴት ገብሷን በጨው ለወጠች ስንል በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተናገርን፤ የሰጠችውንም የተቀበለችውንም። አገር ተለወጠ የምንለውም በዚሁ ግስ ነው። ስለ መጪዎቹ ዓመታት ስንነጋገር ግን ቃሉን ከሁለት ሰንጥቀን የምንቀበለውን ብቻ እናነሣለን፤ መንገዱን፣ ፎቁን፣ መብራቱን። ኢትዮጵያ ወደፊት ምን ትመስላለች ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ትሰጣለች፣ የሚሰጠውስ ማን ነው የሚለውን ካላስቀደመ መልሱን አያገኝም ባይ ነኝ።

የአዲስ አበባን ቤት እንይ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ቀነሰ፤ ተከራይ እፎይ አለ። ዋጋው የተከፈለው ግን ቀስ በቀስ፣ በአሥርት ዓመታት ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለጥገና አልበቃም፤ የራሱ ያልሆነን ግድግዳ መርጎ የሚያድስም ጥቂት ነበር። ጭቃው ተቦረቦረ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ ሆነ። በዚያው ጠባብ ግቢ ግን ማንም ያላወጀው ሀብት ተጠራቀመ፦ ለቅሶ ሲሆን ሳይጠራ የሚደርስ እድርተኛ፣ የሰውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የሚቆጣ ጎረቤት፣ ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ። በ2016 ዓ.ም. እንደ ፒያሳ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ለልውውጥ የቀረበው ይህ ሀብት ነው። ሕጉም ዋጋውን አልካደም፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ ይከፈል ይላል።  ነገር ግን ለየቤቱ የተከፋፈለ ገንዘብ በጋራ ብቻ ይኖር የነበረን ነገር መልሶ አይገዛም። እድር ተበትኖ ለእያንዳንዱ አባል ድርሻው ቢሰጠው የሚደርሰው ብር እንጂ ቀባሪ አይደለም።

ይህ ድህነትን ማስዋብ ነው የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በክረምት ሌሊት ጃንጥላ ይዛ ወደ ጋራ ሽንት ቤት የምትሄድ አሮጊት ስለ ሰፈር ፍቅር እንዲሰበክላት አትፈልግም። ቤቷ ይለወጥላት። ግን ገበያም ላይ ቢሆን ዋጋ መጠየቅ አልገዛም ማለት አይደለም። ሌላው፣ የዛሬ ሰው የሚከፍለው ለልጆቹ ነው ይላል። ለልጅ መክፈል ያለ ነው፤ ወላጅ ሁሉ ያደርገዋል። ወላጅ ግን የሚከፍለው አውቆና ወዶ ነው። ያልተወለደውን መጠየቅ አይቻልም፤ ከፋዩ ግን እዚሁ አለና ይጠየቅ።

መጠየቅ እንደሚቻልም ያየነው ነገር ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከፎቆቹ ጎን ኮሙናል የሚባል ቤት ታቀደ፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድግስ የሚደገስበት። አንድ ሰው፣ ምናልባት ንድፉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አባወራ ለፋሲካ በጉን የት ያርዳል ብሎ አስቧል። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት የሚጠየቅ ነው።