ጨዋታ የማን ነው?

በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ልጆች በብይና በቆርኪ ሲሯሯጡ ጨዋታ ነው፤ ጎረቤታሞች ቡና ላይ ሲያወጉም ጨዋታ ነው። ዝም ያለውን እንግዳ «ኧረ ተጫወት እንጂ!» እንለዋለን። የማይጫወት ሰው ለኛ ወይ የከፋው፣ ወይ የኮራ ነው። ታዲያ በኛ ደንብ የማይጫወት ልጅ ሲገጥመንስ? እንደኛ እንዲጫወት የማስገደድ መብት አለን?

እስቲ አስቀድመን ጨዋታ እንዴት እንደሚያድግ እንመልከት። ስዊሳዊው ዣን ፒያዤ በ1945 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ደረጃዎችን ይለያል። ሕፃን መጀመሪያ ያገኘውን ይጥላል፣ ያንኳኳል፣ ይደጋግማል። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንዱን ነገር በሌላው ይተካል፤ ጭቃው እንጀራ፣ ቆርኪው ድስት ይሆናል። እቃ እቃ የምንለው ይኸንኑ ነው። ኋላ ደንብ ያለው ጨዋታ ይመጣል፤ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሌባና ፖሊስ። አሜሪካዊቷ ሚልድረድ ፓርተን ደግሞ በ1932 ልጆች ለብቻ ከመጫወት ተነሥተው፣ ጎን ለጎን ሆነው እየራሳቸው ከመጫወት አልፈው፣ አብረው ወደ መጫወት እንደሚደርሱ ጽፋለች።

ይሁን እንጂ መንገዱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ልጆች በሌላ አኳኋን እንደሚጫወቱ ታውቋል። አንዱ ቆርኪውን በቀለም በቀለም ለይቶ ይደረድራል፤ ሌላው መኪናዋን ገልብጦ ጎማዋን ያሽከረክራል። ጭቃውን እንጀራ ማድረግ ለብዙዎቹ ዘግይቶ ይመጣል፤ ወይም ያንሳል። እርስ በርሳቸውም አይመሳሰሉም።

ሰው ያልገባውን ነገር ለመኮነን ይቸኩላል። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 መጽሐፉ ጥፋቱን በወላጆች፣ በተለይም በእናቶች ላይ ጣለ፤ ኋላ የመጣው ምርምር ሐሳቡን ውድቅ አደረገው። በኛም አገር «እርግማን ነው» እየተባለ በር የተዘጋበት ልጅ ጥቂት አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ያንኳኩት ይኸንኑ የተዘጋ በር ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንዱ ወገን «ልጁ ትክክለኛውን ጨዋታ ይማር፤ መደርደሩን ይተው» ይላል። ነገር ግን ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 እንዳስገነዘበው ጨዋታ ከሁሉ በፊት በነፃ ፈቃድ የሚደረግ ነገር ነው። በትእዛዝ የመጣ ጨዋታ ሥራ እንጂ ምን ጨዋታ አለው! ሌላው ወገን ደግሞ «ተዉት፣ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን» ይላል። ነፃነት ይመስላል፤ ግን ልጁን ብቻውን ትቶ መሄድም በሩን ከመዝጋት ብዙ አይርቅም።

ለኛ የሚታየን ሦስተኛ መንገድ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ማለት። ቀዩን ቆርኪ በቀዩ ሰልፍ ጫፍ ማስቀመጥና መጠበቅ። ይህ የዋህነት እንዳይመስላችሁ። ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ባለሙያዎች ትናንሽ ልጆችን የየራሳቸውን ፍላጎት እየተከተሉ ሲያጫውቷቸው ልጆቹ በጨዋታም፣ ትኩረታቸውን ከሌላ ሰው ጋር በመጋራትም ተሻሽለዋል። ራሱ ኦቲዝም ያለበት የሶሺዮሎጂ ምሁር ዴሚያን ሚልተን ደግሞ በ2012 አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ሲል ተከራከረ። እሱ እኛን መረዳት የሚቸግረውን ያህል እኛም እሱን መረዳት ይቸግረናል። ልዩነቱ፣ የኛ ችግር በሽታ ተብሎ አለመጻፉ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ለማንኛውም ልጅ የመጫወት መብት ይሰጣል። እንደ ሌላው ልጅ የመጫወት ግዴታ ግን አልጣለበትም። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ መምህራን እንሆናለን። በክፍላችን ጥግ ጠጠር የሚደረድር ልጅ ስናገኝ «ተጫወት እንጂ!» ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እናስብ፤ እየተጫወተ ነው። የቀረው የኛ ተራ ነው።