ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ (ኢያሱ 4)

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ኢያሱ ምዕራፍ 4 ላይ ክፈቱልኝ። ዛሬ የልጆች እሑድ ስለሆነ ስብከቱ አጭር ነው፤ ግን የቤት ሥራ አለው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት እግራቸው ውሃውን ሲነካ ዮርዳኖስ ቆመ፤ ሕዝቡም በደረቅ ምድር ተሻገረ። ከዚያ ከየነገዱ አንድ ሰው፣ 12 ሰዎች፣ ካህናቱ ከቆሙበት ከወንዙ መካከል አንድ አንድ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ኢያሱ ድንጋዮቹን በጌልገላ አቆማቸው። ለምን? ልጆች አንድ ቀን አይተው እንዲጠይቁ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እግዚአብሔር ገና ስላልተወለደው ልጅ ያስባል። ያ ልጅ ዮርዳኖስ ሲፈስ እንጂ ሲቆም አላየም። መና አልበላም፤ የበላው የከነዓንን ፍሬ ነው።

ወገኖቼ፣ የእኛም ልጆች እንደዚያው ናቸው። አንዳንዶቻችሁ በሱዳን በረሃ አልፋችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ባሕር አቋርጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ በዲቪ መጥታችኋል። ጌታ እንዴት እንዳሻገራችሁ እዚህ መድረክ ላይ ስትመሰክሩ እልል እንላለን። ልጆቻችሁ ግን በዚያ ሰዓት ምድር ቤት ናቸው።

አንዲት እናት፣ "ፓስተር፣ ልጄ አማርኛዬ አይገባውም፤ እኔም እንግሊዝኛውን አልደርስበትም። ወንጌልን በምን ልንገረው?" አለችኝ። ከባድ ጥያቄ ነው። የአማርኛ ትምህርት እንጀምር ማለት ይቻላል፤ ያስፈልጋልም። እስኪጀመር ግን ልጁ ያድጋል። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበር፤ እምነት ግን በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ በኩል ቤት ውስጥ ደረሰው። ስለዚህ ከቤት እንጀምር፣ ከምግብ ጠረጴዛው።

ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ውሰዱ። ልጁ ሳያይ በነጭ ክሬዮን 12 ድንጋዮች ሳሉበት፤ ክሬዮን ከሌለ ነጭ ሻማም ይሠራል። ጫን እያላችሁ ሳሉ። በአንዱ ድንጋይ ውስጥ የልጁን ስም በፊደል ጻፉ፣ በሌላው "ኢየሱስ" ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ባዶ ይመስላል። አሁን ልጁን ጥሩትና ብሩሽና ሰማያዊ የውሃ ቀለም ስጡት፤ ወንዙን ይቀባ። ቀለሙ ቀጠን ይበል፤ ከወፈረ ይሸፍነዋል። ሰም ውሃ ስለማይቀበል ድንጋዮቹ ነጭ ሆነው ከሰማያዊው ውስጥ ይወጣሉ። የቅኔ ሰዎች ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል ይላሉ፤ እዚህ የሚገለጠው ራሱ ሰሙ ነው!

ልጁ ይጮሃል። "ይህ ምንድን ነው?" ይላል፣ በፈለገው ቋንቋ። ያን ጊዜ ኢያሱ 4 ቤታችሁ ገባ።

መልሱን ግን እናንተ ናችሁ የምትሰጡት። በጌልገላም አባት ዝም ካለ ያ ክምር ድንጋይ ነው። ልጆቻችን ከምድር ቤቱ ሥዕል ይዘው ይወጣሉ፤ እኛ "ጎበዝ" እንልና ወረቀቱ መኪናው ወንበር ሥር ይቀራል። አስተማሪዎቻችን፣ ጌታ ይባርካቸው፣ በሳምንት ያላቸው አንድ ሰዓት ነው።

መልሳችሁ አይርዘም። "እኔም ትልቅ ውሃ ነበረብኝ። ፈርቼ ነበር። ጌታ አሻገረኝ።" በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ንገሩት። ልጁ ሰዋስዋችሁን ያርም ይሆናል፤ ያርም፣ ሰምቷል ማለት ነው። በረሃ ላይ ያያችሁትን ሁሉ ግን ለአራት ዓመት ልጅ አትንገሩ። እሱ ጊዜ አለው።

አብሯችሁ ተነሥቶ ያልተሻገረ ወንድም ወይም እህት ያላችሁም እዚህ ተቀምጣችኋል። ይህን ዘልዬ አላልፍም። ሰማያዊ ውሃ መቀባት ለእናንተ ጨዋታ ላይሆን ይችላል። አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ከሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ አልቅሱ፣ ጸልዩ። ሥዕሉ ይደርሳል።

ወረቀቱና ክሬዮኑ ምድር ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው። ወላጆች፣ ከልጆቹ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ውረዱ፤ ድንጋዮቹን መሳል ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። አባቶች፣ እናንተንም ነው የምለው፤ ቡናው ይጠብቃል። ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን አትጠፉት።

እንነሣና እንጸልይ።